የቀን መዋያው ባለሱቅ

ስልኩ የጠራው መርማሪዋ የእናቷን ቀሚሶች አጣጥፋ በፌስታል ስትከት ነበር።

«በንግድ ሰፈሩ ሰው ሞቷል፤ መርዝ ነው» አላት የጣቢያው አዛዥ። «ነገሩ ግን አልቋል። ገዳዩ አምኗል።»

«ካለቀ እኔን ምን አስጠራኝ?»

«ገዳዩ ሰማንያን ያለፉ ሽማግሌ ናቸው። ካቴና ላስገባላቸው ብል እጄ እምቢ አለኝ።»

«መጣሁ» አለችና ፌስታሉን ቋጠረችው።

አዝናላቸው አይደለም ቶሎ የተነሳችው። እናቷን ከቀበረች ሳምንታት አልፈዋል፤ በቀብሩ ዕለት አንዲት ጠብታ እንባ አልወጣትም። ጎረቤቶቿ «ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም» እያሉ ሲንሾካሾኩ ሰምታለች፤ መስማቷም አላናደዳትም። የጥርስ ሐኪም ያደነዘዘው ከንፈር እንዴት ነው? ቢነክሱት አያምም፣ ግን የራስ ነው። እሷም እንዲያ ሆና ነው የከረመችው። ሥራ ደግሞ ሥራ ነው፤ ፌስታል ከመቋጠር ይሻላል።

ሕንፃው ባለአራት ፎቅ ነው፤ በቀኙ የመጠጥ መሸጫ፣ በግራው የስልክ ጥገና። ምድር ቤቱ ላይ «የአረጋውያን የቀን መዋያ» የሚል ሰሌዳ ተሰቅሏል። ከበሩ ፊት፣ አስፋልቱ ላይ፣ መኪና ቆሞ ሰው የሚያወርድበት ሰፊ ሳጥን በቢጫ ቀለም ተሰምሯል። ቀለሙ ገና ያብረቀርቃል። አጠገቡ አንድ የማዘጋጃ ቤት ቀለም ቀቢ ባልዲው ላይ ተቀምጦ ጭንቅላቱን ይዟል። መርማሪዋ ቢጫውን ሳጥን ዞራ፣ እግሯን ሳታሳርፍበት ገባች።

የመንገዱ በር የሚያስገባው ወደ ሱቅ ነው። እውነተኛ የድሮ ሱቅ፤ እስከ ጣሪያ የደረሰ መደርደሪያ፣ ሳሙና፣ ክብሪት፣ ስኳር፣ ሻይ ቅጠል፣ ባለ ብዙ ቀለም ጠርሙስ፣ መካከሉ ላይ ሚዛን የተቀመጠበት ረጅም ባንኮኒ። ከባንኮኒው ወዲህ የደንበኛ ወንበር ላይ አንድ ጎልማሳ ተቀምጦ ግንባሩን እንጨቱ ላይ ደፍቷል፤ እንቅልፍ የወሰደው ነው የሚመስለው። የማዘጋጃ ቤቱ የመሬት አጠቃቀም ተቆጣጣሪ ነው። አጠገቡ ግማሹ የተጠጣ ሻይ አለ። ከሻዩ ወዲያ፣ ከባለሱቁ መቀመጫ በኩል፣ ክዳኑ የተከፈተ ጠርሙስ፤ ውስጡ ሰማያዊ ፈሳሽ፣ ላዩ ላይ በትልልቅ የእጅ ጽሕፈት «የአይጥ መርዝ» ይላል።

«ሐኪሙ የአይጥ መርዝ ነው ብሏል» አለ አዛዡ። «ፈጣን የሚባለው ዓይነት። ሻዩ ውስጥ ነው የገባው። ጠርሙሱም ይኸው።»

«ጠርሙሱ ይኸው» አለች መርማሪዋ። «ለላቦራቶሪ ይሂድ። አሻራውም ይነሳ፤ የሁላቸውም አሻራ ይወሰድ።»

«ሽማግሌው አምነው ሳለ?»

«ላከው ብዬሃለሁ።»

የአመኑት ሰው ከሱቁ ጀርባ ባለው ሰፊ አዳራሽ ውስጥ፣ ከሌሎቹ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ተነጥለው፣ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። ሁሉም «አባባ ባለሱቁ» ይሏቸዋል። መርማሪዋ ወንበር ስባ አጠገባቸው ተቀመጠች።

«አባባ፣ ምን ተፈጠረ?»

«ገደልኩት መሰለኝ፣ ልጄ።»

«መሰለኝ?»

«ወንበሬ ላይ ሸለብ አድርጎኝ ነበር። ስነቃ ደንበኛዬ ተደፍቷል። መርዙ ክፍት ሆኖ እጄ ሥር አለ። ሱቁ የኔ ነው፤ እኔ ካልሆንኩ ማን ይሆናል?»

«ሻዩ ውስጥ ሲጨምሩ ትዝ ይልዎታል?»

«አይለኝም።» ባርኔጣቸውን አዞሩት። «አለመጨመሬም ትዝ አይለኝም እኮ። ችግሩ እሱ ነው። ስኳር መስሎኝ ይሆን? እንደዚህ ዓይነት ስህተት ድሮ አልሠራም ነበር።» ቀና ብለው አዩዋት። «ሰውየው ልጆች አሉት?»

«አላውቅም፣ አባባ።»

«ካሉት እኔ ራሴ ሄጄ ይቅርታ እላለሁ። ሰው አይላክበትም እንዲህ ያለ ነገር።»

መርማሪዋ ፊታቸውን አየች። ማዘን እንደነበረባት ታውቃለች። ማወቋ ብቻ ነው ያለው፤ ሐዘኑ አልመጣም። ተነስታ ኃላፊዋን ፈለገች።

የመዋያው ኃላፊ በአርባዎቹ ያለች ቀጭን ሴት ናት፤ እጆቿ ከመታጠብ ብዛት ቀልተዋል። ወጥ ቤቱ ውስጥ ቆማ፣ የታጠበ ብርጭቆ ደግማ እያጠበች አገኘቻት።

«ሻዩን ማን አፈላ?»

«እኔ ነኝ። በምሳ ሰዓት። ሰጥቼው ተመለስኩ፤ ሁለቱ ተንከባካቢዎች ብቻቸውን ሠላሳ ሰው ያጎርሱ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ሦስታችንም ከአዳራሹ አልወጣንም።»

«ሰውየው ለምን መጣ?»

«ለመጨረሻ እይታ። ይፈቀድ አይፈቀድ የሚለው በሱ አፍ ነበር።» ብርጭቆውን አስቀመጠች። «እዚህ የንግድ ቀጠና ነው። የቀን መዋያ መክፈት አይከለከልም፤ ግን ደንቡ ነፍስ ያወጣል። ምድር ቤት ብቻ፤ ሰው የሚወርድበት ቦታ ከመንገዱ መለየት አለበት፤ ሁለተኛ መውጫ በር ያስፈልጋል። ሃምሳ ሜትር ውስጥም መጠጥ አይሸጥም። ከሁሉም የባሰው ግን ፊት ለፊቱ ነው፤ መንገዱን የሚያየው ክፍል ንግድ መሆን አለበት።»

«ለዚህ ነው ሱቁ።»

«ለዚህ ነው። አባባ ደግሞ አርባ ዓመት ሱቅ ነበራቸው። እዚያ ወንበር ላይ ካልተቀመጡ አይረጋጉም።»

«ከንግድ ቀጠና ውጭ ብታደርጉትስ?»

«ልጆቻቸው የሚሠሩት እዚህ ነው። ጠዋት ጥለዋቸው ይሄዳሉ፣ ሲመሽ ይወስዷቸዋል። ይህ ቤት ሳይከፈት በፊት ምን ያደርጉ እንደነበር ያውቃሉ? ከውጭ ቆልፈውባቸው ነው የሚሄዱት። ክፉ ሆነው አይደለም፤ ቸግሯቸው ነው። ከተዘጋን ወደ ቁልፉ ይመለሳሉ።»

«እንዲህ ያሉ ሰዎች ባሉበት ቤት ታዲያ መርዝ እንዴት መደርደሪያ ላይ ይቀመጣል?»

ኃላፊዋ ዓይኗን ከብርጭቆው አላነሳችም። «አባባ ናቸው። የአይጥ መርዝ የሌለው ሱቅ ምን ሱቅ ይባላል ብለው ምሳ አልበላም አሉ።»

«እና መርዝ አመጣሽላቸው?»

«ጥፋት ካለ የኔ ነው» አለች። መርማሪዋ ዝም ብላ ጠበቀቻት፤ ዝምታ ብዙ ሰው ያስለፈልፋል። ይቺ ግን ከንፈሯን ነክሳ ዘጋች። የምታውቀው ነገር አለ፤ ከመናገር ይልቅ መታሰር የሚቀላት ነገር።

«ተቆጣጣሪው ይፈቅድ ነበር ወይስ ይከለክል?»

«ፊቱ አይነበብም። ከዚህ በፊት መጥቶ ሱቁን ዞሮ አየው፤ ከአባባ ሳሙና ገዝቶ ሄደ። በቃ፣ ሌላ ምንም አላለም።»

የሟቹ ቦርሳ ውስጥ የሜትር ጥቅልል፣ መነጽር፣ በወረቀት የተጠቀለለ ዳቦና ያ ሳሙና ነበሩ። ሳሙናው ተከፍቶ እንደገና በጥንቃቄ ተጠቅልሏል። መርማሪዋ አሸተተችው፤ አይሸትም። በጥፍሯ ፋቀችው። ከማሸጊያው ሥር ያለው ተስተካክሎ የተጠረበ እንጨት ነው።

ወደ ሱቁ ተመለሰችና መደርደሪያውን ለብዙ ጊዜ አየችው። አንድ ክብሪት አንስታ አራገፈች፤ ድምፅ የለውም። ከሰማያዊዎቹ ጠርሙሶች አንዱን አወረደች፤ አሸተተች፤ ክዳኑን መልሳ ጠርሙሱን ገለበጠችው። ከሥሩ መስታወቱ ላይ የመጠጥ ፋብሪካ ምልክት ተቀርጿል። አዛዡ ከበሩ ላይ ሆኖ ያያት ነበር።

«ምን አገኘሽ?»

«ሳሙና» አለችው።

ውጭ ወጥታ ቀለም ቀቢውን አነጋገረች። ሰውየው እጁ እስከ ክርኑ ቢጫ ነው።

«ይህን መስመር ማን ቅባ አለህ?»

«ሟቹ ናቸዋ፤ ነፍሳቸውን ይማር። ጠዋት ራሳቸው ይዘውኝ መጡ። ‘ወፍራም አድርገህ ቀባው፣ ቶሎ እንዳይለቅ’ አሉኝ።»

«ፈቃዱ ሳይወሰን?»

«እንዴት ተደርጎ? እኔ የምጠራው መጨረሻ ላይ ነው። እምቢ ለተባለ ቤት ማን ቀለም ያባክናል? ነገ ቢሮ ገብተው ቃላቸውን መስጠት ብቻ ነበር የቀራቸው።»

«ከመንገድ ወደ ሱቁ የገባ ሰው አይተሃል?»

«እርጥብ ቀለሜን ረግጦ?» ሰውየው በሐዘኑ መሃል ሊስቅ ምንም አልቀረው። «እግሩን ነበር የምቆርጠው። ሟቹም ራሳቸው በባለሕንፃው ደረጃ ዞረው በጓሮ ነው የገቡት። እኔ ከዚህ አልተነሳሁም፤ በዚህ በር ፖሊስ እስኪመጣ ድረስ ዝንብ አልገባም።»

ስለዚህ ገዳዩ የመጣው ከጓሮ ነው። ከጓሮ በር አንድ ጠባብ መተላለፊያ አዳራሹን በጎን አልፎ ሱቁ ውስጥ ይወጣል፤ ደንቡ የጠየቀው ሁለተኛ መውጫ ማለት ነው። ጓሮው ደግሞ አጥሩ ግንብ ነው፤ ከውጭ መግቢያ የለውም። ወደ ጓሮው የሚያስገቡት የባለሕንፃው ደረጃና የመጠጥ ቤቱ መጋዘን በር ብቻ ናቸው። የጓሮው በር ላይ ሰንሰለት ተንጠልጥሏል፤ ክፍት ነው።

መጠጥ ሻጩን ሰፈሩ «ጠርሙሴ» ይለዋል። ሆዱ ቀድሞት የሚገባ፣ ድምፁ ከመንገድ ማዶ የሚሰማ ሰው ነው። መዋያው እንዳይፈቀድ ሰፈሩን ያስፈረመው እሱ ነው፤ ይህን ደግሞ የሚደብቀው አይደለም።

«ጠላታቸው ነኝ፤ ጻፊ» አላት ገና ሳትቀመጥ። «ከተፈቀደላቸው እኔ እነሳለሁ። ሃምሳ ሜትር ይላል ደንቡ። የኔ በር ከነሱ በር ሲለካ አሥር እርምጃ አይሞላም።»

«ታዲያ ተቆጣጣሪው መሞቱ በጀህ።»

«እህቴ፣ ሰው ለመግደል ቢያምረኝ የራሴን መጠጥ ነበር የምሰጠው። ቀስ ብሎ ይጨርሰዋል፤ ከሳሽም የለም።»

«ወደ ጓሮ ወጥተህ ነበር?»

«ባዶ ሳጥን ላስቀምጥ ወጥቻለሁ። ሰንሰለቱ ተፈትቶ አየሁ፤ ገረመኝ። ባለሕንፃው ነው ያሰረው፤ ሁለተኛ በር የላቸውም እንዲባል። ጠዋት ተቆጣጣሪው ጮኸበትና ፈታው።»

መርማሪዋ ሰማያዊውን ጠርሙስ ከቦርሳዋ አውጥታ ግልብጥ አድርጋ ጠረጴዛው ላይ አቆመችው። የፋብሪካው ምልክት ወደ ላይ ሆነ። ጠርሙሴ አየው፤ የመንገዱን በር ዞር ብሎ አየና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ለማንም እንዳትናገሪ። ስሜ ይጠፋል።»

«ባዶውን ጠርሙስ የምትሰጣቸው አንተ ነህ።»

«ያቺ ሴትዮ መጥታ ለመነችኝ። ለሽማግሌው ሱቅ ላደርግለት ነው አለች። ምን ልበል? ባዶ ጠርሙስ ነው። አጥቤም ሰጠኋት።» አፍንጫውን አሻሸ። «ሰማያዊውን የቀላቀልንላቸው አብረን ነው። የጨርቅ ቀለም ነው። የአይጥ መርዝ ካልመጣ ምሳ አልበላም አሉ አለችኝ።»

«እያስፈረምክባቸው?»

«እሱ ሥራ ነው፣ ይሄ ሌላ ነው። ደግሞም ሁለት መንገድ ወረድ ብሎ ቤት አይቻለሁ። ሱቅ ይዛወራል፤ ሽማግሌ ግን አይዛወርም፤ ካለበት ካነሱት ያልቅለታል።»

«ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል» አለችው መርማሪዋ እየተነሳች።

«አንድ ጠብታ አልቀመስኩም ዛሬ» አለ ጠርሙሴ፤ እውነቱን ነበር።

የሕንፃው ባለቤት ሁለተኛው ፎቅ ላይ ነው ቢሮው። ልብሱ የተተኮሰ፣ ንግግሩ የተለካ፣ ሰው ሲገባ የሚነሳ ጨዋ ሰው ነው። መስኮቱ መንገዱን ያያል፤ ከሥሩ ቢጫው ሳጥን ወለል ብሎ ይታያል።

«አሳዛኝ ነገር ነው» አላት። «ሽማግሌውን ግን አትጨክኑባቸው። ዕድሜ ነው። ማንም አይፈርድባቸውም።»

«ተቆጣጣሪውን ያውቁታል?»

«ከሥራ አንፃር። እንደሚከለክላቸው ራሱ ነግሮኛል፤ እኔም ለነሱ አዝኜ ነበር።»

«ከተከለከሉ ኪራዩ ይፈርሳል?»

«ውሉ እንደዚያ ነው የሚለው። ምድር ቤቱን ባንክ ጠይቆኛል፤ አልደብቅዎትም። ግን እኔ ማንንም አልገፋሁም።»

«ሱቁን እንዴት ያዩታል?»

«ጥሩ ሱቅ ነው ይላሉ። እኔ ከተከራዩት ወዲህ ረግጬው አላውቅም። በመስታወቱ አልፎ አልፎ አየዋለሁ እንጂ።»

«ዛሬስ ወደ ጓሮ ወርደው ነበር?»

«ጠዋት ሰንሰለቱን ልፈታ። ከዚያ ወዲህ ከዚህ ወንበር አልተነሳሁም።»

አመሰግናለሁ ብላ ወጣች። ደረጃው ላይ ቆም አለች፤ የምታስበው ስለ ነገሩ አልነበረም፤ ነገሩ አልቆላት ነበር። ከዚህ ቀደም እንዲህ ሲሆን ደስ ይላት ነበር፤ ደረቷ ሞቅ ይል ነበር። አሁን ምንም የለም። የደረጃውን ብረት ይዛ ወረደች።

በማግሥቱ፣ ሽማግሌዎቹ አዳራሹ ውስጥ ምሳ ሲበሉ፣ ሁሉንም ሱቁ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ኃላፊዋ ከሁለቱ ተንከባካቢዎች ጋር ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። ጠርሙሴ የደንበኛው ወንበር ላይ መቀመጥ ፈርቶ ካርቶን ላይ ተቀመጠ። ባለሕንፃው የራሱን ወንበር አስመጥቷል። ቀለም ቀቢውና አዛዡ በሩ ላይ ናቸው።

መርማሪዋ ምንም ሳትናገር ከመደርደሪያው «የአይጥ መርዝ» ከሚሉት ጠርሙሶች አንዱን አወረደች፤ ከፈተችው፤ በብርጭቆ ቀዳችና አነሳችው።

ኃላፊዋ አልተንቀሳቀሰችም። ዓይኗን ብቻ ጨፈነች። ተንከባካቢዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። ጠርሙሴ ጣሪያውን አየ። አዛዡ፣ አስቀድማ ነግራዋለችና፣ ባለበት ቆመ። ቀለም ቀቢው ምን እንደምትጠጣ አላወቀም፤ ማንበብ የሚያስችል ርቀት ላይ አልነበረም።

«ኧረ መርዝ ነው!» ባለሕንፃው ዘሎ ተነሳ። «አብደዋል እንዴ?»

መርማሪዋ ጠጣችው። እስከ ታች። ብርጭቆውን ባንኮኒው ላይ አስቀመጠች።

«ውሃ ነው» አለች። «ትንሽ የጨርቅ ቀለም ይቀምሳል።»

ባለሕንፃው እንደቆመ ቀረ።

«እዚህ ሱቅ ውስጥ የሚሸጥ ነገር የለም። ሳሙናው እንጨት ነው፣ ክብሪቱ ባዶ ነው፣ ስኳሩ አሸዋ ነው። መሆንም ነበረበት፤ እዚህ የሚውሉት ሰዎች ያገኙትን አፋቸው ውስጥ ይከታሉ። ይህን ያላወቀ ሰው ከመንገድ ቢያይ እውነተኛ ሱቅ ነው የሚመስለው። አሁን ሟቹን እናስብ። በመርዝ ሞተ። አጠገቡ የተገኘው ጠርሙስ ግን ሕፃን ቢጠጣው አያስነጥሰውም። ስለዚህ መርዙ ከሌላ ቦታ መጣ፤ ጠርሙሱን ደግሞ አንድ ሰው ከመደርደሪያው አውርዶ፣ ክዳኑን ከፍቶ፣ ከተኛ ሽማግሌ እጅ ሥር አስቀመጠው። ለምን? ሽማግሌው ተሳስተው ገደሉት እንዲባል። ጥሩ ዘዴ ነው፤ ጠርሙሱ እውነተኛ ቢሆን።»

«አባባ ራሳቸውስ?» አለ አዛዡ።

«አባባ መርዝ ከየት ያመጣሉ? የሳቸው መርዝ ይኸው፣ ጠጣሁት። ያስቀመጠው ጠርሙሱ ውሃ መሆኑን የማያውቅ ሰው ነው። የሚያውቅማ ቢሆን ላቦራቶሪ በአንድ ቀን የሚያፈርሰውን ማስረጃ አይተውም። ከመንገድ የገባ የለም፤ ቀለም ቀቢው ምስክር ነው። ከጓሮና ከውስጥ መምጣት የሚችሉት እነዚህ ብቻ ናቸው። ኃላፊዋና ተንከባካቢዎቹ ጠርሙሶቹን የሞሉ ሰዎች ናቸው።» ወደ ጠርሙሴ ዞረች። «ይቅርታህን፤ ጠርሙሶቹን አጥቦ የሰጠው፣ ቀለሙንም የቀላቀለው ደግሞ ይህ ሰው ነው።»

ቀለም ቀቢው ጠርሙሴን ከእግር እስከ ራሱ አየው። «አንተ?»

«ሥራህን ሥራ» አለው ጠርሙሴ።

«የቀሩት እርስዎ ነዎት» አለች መርማሪዋ። ድምፅዋ ከፍም ዝቅም አላለም። «ትናንት ተቆጣጣሪው እንደሚከለክል ነግሮኛል አሉኝ። ያ ሰው ግን ጠዋት ቢጫውን መስመር አስቀብቷል፤ መስመር የሚቀባው ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። ከመስኮትዎ አይተውታል። ቃሉን ቢሮ ከማድረሱ በፊት ያለችው ጊዜ ያቺው ነበረች። እሱ ከሞተ ቃሉ አብሮት ይቀበራል፤ ገዳዩ የቤቱ ሽማግሌ ከሆነ ደግሞ ሌላ ተቆጣጣሪ ቢመጣም ቤቱን አይፈቅድም። ሁለቱንም በአንድ ሻይ።»

«ግምት ነው» አለ ባለሕንፃው።

«ግምት ነበር። ጠዋት የላቦራቶሪው መልስ መጣ። ጠርሙሱ ውስጥ ውሃና ቀለም፤ ጠርሙሱ ላይ የአውራ ጣትዎ አሻራ። ከተከራዩት ወዲህ ረግጬው አላውቅም ያሉት እርስዎ ነዎት። አዛዡም ከደረጃው ሥር ካለው መጋዘንዎ የአይጥ መርዙን ቆርቆሮ አውጥቷል።»

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላሉ፤ ይህ ሰው ሁሉን ጠርጥሮ የእንጨትና የውሃ ሱቅ ብቻ አልጠረጠረም። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዲሉ፣ ባንክ ላስገባ ብሎ ሕንፃውንም ራሱንም አጣ። ወንበሩ ላይ ቀስ ብሎ ተቀመጠ፤ ሱሪው እንዳይጨማደድ ጉልበቱ ጋ ሳብ አደረገው።

«ለመንኩት» አለ። «ሱቁ ገበያ የለውም፣ ማንም ሲገዛ አላየሁም አልኩት። ሳቀብኝ። ‘ደንቡ የወጣው መንገዱ እንዳይሞት ነው፤ እኝህ ሽማግሌ በር ከፍተው ከተቀመጡ ወዲህ መንገዱ አልሞተም’ አለኝ። ከዚያ እጁን ሊታጠብ ሄደ። ሻዩ እዚያ ነበር።» ማንንም አላየም። «ሽማግሌውን ማንም አያስራቸውም ብዬ ነው። አይጎዱም ብዬ።»

«አመኑ እኮ» አለች ኃላፊዋ። «ሌሊቱን ሙሉ ቤታቸው ቁጭ ብለው አደሩ። ልጃቸው ናት የነገረችኝ።»

አዛዡ ባለሕንፃውን ይዞት ወጣ። ቢጫውን መስመር ረግጠው አለፉ፤ ቀለሙ ደርቆ ነበር።

ሌሎቹም ሲበተኑ ኃላፊዋ ቀረች። መርማሪዋ ጠየቀቻት። «ጠርሙሱ ውሃ መሆኑን አንድ ቃል ብትነግሪኝ አባባ ትናንትናውኑ ነፃ ይሆኑ ነበር።»

«ሱቁ ውሸት ነው ካልኩ ቤቱ ይዘጋል። ሠላሳ ሰው ከውጭ ይቆለፍበታል። ዝም ካልኩ የሚጎዳው አንድ ሰው ነው፣ እሱም ይረሳዋል አልኩ። ዝም አይነቅዝም አልኩ።» ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። «ሰው በቁጥር መዘንኩ፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ። አሁንም ደግሞ ሁሉም ሰማ። ይዘጉናል።»

«ተቆጣጣሪው ሳሙናውን ቤቱ ወስዶ ከፍቶታል። እንጨት መሆኑን አውቋል። አውቆ ነው ቀለም ያስቀባው። ቀለም ቀቢው ይመሰክራል፣ እኔም እመሰክራለሁ። ከዚያ በላይ ቃል መስጠት አልችልም።»

ኃላፊዋ ራሷን ነቀነቀች። «ለአባባ ይንገሯቸው» አለች። «እኔ ፊታቸውን ማየት አልችልም።»

አባባ ባለሱቁ አዳራሹ ጥግ ላይ፣ ምሳቸውን ሳይነኩ ተቀምጠዋል። መርማሪዋ አጠገባቸው ተቀምጣ እጃቸውን ያዘች።

«አባባ፣ እርስዎ አልገደሉም። የገደለው ባለሕንፃው ነው። ተይዟል።»

ሽማግሌው ለረጅም ጊዜ አዩዋት። «እኔ አይደለሁም?»

«አይደሉም።»

«ተመስገን» አሉ፤ «ተመስገን፣ ተመስገን።» ከሳህናቸው ላይ ዳቦ አንስተው ቆረሱላት። እስክትጎርስ ጠበቁ። ራሳቸውም ጎረሱ። ከዚያ ማኘካቸውን አቆሙ፤ ፊታቸው ቀስ እያለ ወደ ቀድሞው ጭንቀት ተመለሰ።

«ልጄ፣ ያ ደንበኛዬ… እኔ ነኝ አይደል የገደልኩት?»

«አይደሉም፣ አባባ። ባለሕንፃው ነው።»

«እህ። ተመስገን።» ዳቦውን አዩት፤ ከየት እንደመጣ የጠፋቸው ይመስል ነበር። «ልጆች አሉት ሰውየው? እኔ እኮ ነኝ የገደልኩት። ሄጄ ይቅርታ እላለሁ።»

አንድ ተንከባካቢ ሳህን እየሰበሰበች አለፈች። «ከትናንት ጀምሮ እንዲሁ ናቸው» አለች በሹክሹክታ። «ጥፋቱ ተጣብቆባቸዋል። ነፃ ነዎት ሲባሉ ግን አይዝላቸውም።»

መርማሪዋ ካፖርቷን አውልቃ ወንበሩ ላይ አንጠለጠለችው። ኪሷ ውስጥ ስልኳ ጠራ፤ አላነሳችውም። «አይደሉም፣ አባባ» አለች። ደግመው ጠየቋት፤ ደግማ መለሰችላቸው። ሌላ ጊዜ ጠየቋት፤ ልትመልስ አፏን ከፈተች። እንባዋ መጣ፣ በቀብሩ ዕለት ያልወጣው ሁሉ፣ ሳታስበው፣ ሳትችለው፣ ትከሻዋ እየተናጠ።

አባባ ባለሱቁ ደነገጡ። ወንበራቸውን አስጠግተው በሸካራ መዳፋቸው ጀርባዋን ይደባብሱ ጀመር።

«አይዞሽ፣ ልጄ፣ አይዞሽ» አሏት። «አንቺ ምን አደረግሽ? ያጠፋሁት እኔ ነኝ።»